የአቡጀዲው ጀርባ

መምህር ሙሉብርሃን ቦንጋ የመጣው ሁለት ዓመት አስተምሮ ሊመለስ ነበር። እንዲህ ብሎ መጥቶ የቀረ ሰው ከተማው ሙሉ ነው። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዱ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ሆስፒታል፤ ሁሉም «ዘንድሮ ዝውውሬ ከወጣ» እያለ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ ድሯል፣ ዝውውሩን ግን አሁንም ይጠብቃል። የደሴው ልጅ ሙሉብርሃን ከአዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት እንደተመረቀ፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ግድም፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጥቅል ብሩሽ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሲያባራ እመለሳለሁ አለ። ቦንጋን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ቀጠሮ እንደሆነ አይጠፋውም።

የተመደበው መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነው። ሥራው ነገ አንደኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ ወጣቶች ሥዕል ማስተማር ነው። ልጆቹ ሦስት ዓመት ይማራሉ፣ ጋውን ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ደካ፣ ሌላው መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ይበተናሉ። የደረሱበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «ምን ነበር የተማርከው?» ይላል። «ሥዕል።» «እሰይ፣ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ጠፍቶ ተቸግረን ነበር» ይላል። በቃ። ከዚያ ወዲያ ቀለም የሚነኩት የመማሪያ ክፍል በር ሲቀባ ነው። ሙሉብርሃን ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎቹን ገበያ ላይ እያገኘ «ትሥላለህ?» ሲላቸው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ስለዚህ አንድ ነገር ፈለገ። ብዙ አይደለም። ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት አንዲት ቀን ሥዕላቸው ከተማው መሐል ተሰቅሎ ሰው ቆሞ እንዲያየው። ይህን የፈለገበት ምክንያት አለው። እሱ ራሱ ሲመረቅ ሥዕሉ የተሰቀለው ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ሰው ሁሉ በፊቱ ያልፋል፤ ወዴት እንደሚያልፍ ይታወቃል። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ቆመ። ምንም አልጠየቀም፣ አልገዛም፣ ስሙንም አልተናገረም። ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ ካፖርቱን ቆልፎ ሄደ። ሙሉብርሃን ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቷል፤ ያንን ካፖርት ግን አልረሳም። ሰው ሥራው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያ የሚቆምለት ካላገኘ ሠዓሊ መሆኑን በምን ያውቃል ይላል።

እሱ በሚያውቃት ቦንጋ ደግሞ ሥዕል ለመስቀል የሚበቃ ግድግዳ የነበረው አንድ አዳራሽ ብቻ ነው። አዳራሹ የስብሰባ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ግምገማ ይመጣል፣ ግምገማው ሲያልቅ ሥልጠና፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የሥልጠናው ግምገማ። የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ተሰማ መልካም ሰው ነው፤ ክፋቱ መልካምነቱ ነው፣ እምቢ ማለት አያውቅም። ሙሉብርሃን በየዓመቱ ሄዶ «ተሰማ፣ ለተማሪዎቼ አንድ ቀን» ይለዋል። ተሰማም «እንዴታ! ያንተ አይደል እንዴ?» ይላል። ሲልም ከልቡ ነው። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ ከበላይ ይደወላል፤ ከበላይ ሲደወል ተሰማ እምቢ ማለት የማያውቀው ለሁሉም ነው። የአዳራሹ ነገር እንዲህ እንዲህ ሲል ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሙሉብርሃን የአዳራሹን ውለታ የሚከፍለው በቅድሚያ ነበር። ገና በመጣ ሰሞን ከቢሮ የተላከ ሰው መጥቶ «ሠዓሊ ነህ አሉን» አለው። «አዎ» አለ፤ በቦንጋ አንድ ሰው የፈለገው መስሎት ልቡ ዘለለ። «እንግዲያው መፈክር ትጽፍልናለህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው መፈክር ሁሉ የእሱ ሆነ። አቡጀዲውን የክፍሉ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ በሲባጎ መሥመር ያሰምራል፣ ተንበርክኮ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይጽፋል። ጉልበቱ የተበላሸው በጸሎት አይደለም። ፊደሉ ግን፣ ጠላትም ቢሆን ይመሰክራል፣ ያምር ነበር። የ«ለ»ው እግር የቆመ፣ የ«ሐ»ው ትከሻ የደላው። የጻፈውን አንብቦ አያውቅም፤ ፊደል ፊደሉን ብቻ እያየ ነው የሚጽፈው። አንብቦት ቢሆን ያን ያህል ዓመት አይጽፈውም ነበር።

ሚስቱ ፀዳለ የቦንጋ ልጅ ናት፤ አያቷ ከሰሜን አንድ ሹም ተከትለው መጥተው እዚሁ የቀሩ። ገበያው አፋፍ ላይ ሱቅ አላት። «አንተ እኮ» ትለዋለች፣ «ከእኔ በፊት አቡጀዲ አግብተህ ነው የመጣኸው። እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ።» በአንድ ወቅት ለራሱ መሣል ጀምሮ ነበር፤ የገበያውን ሴቶች ከሱቋ በር ሆኖ። ሸራው ግማሽ ላይ እያለ ለአንድ በዓል መፈክር በአስቸኳይ ተፈለገ። ሲመለስ ቀለሙ ደርቆ ነበር። ሸራው አሁንም አልጋው ሥር ነው፣ ፀዳለ ስትጠርግ ትገፋዋለች፣ መልሳ ትስበዋለች።

ዓመቶቹ እንዲህ ሄዱ። ከዚያ የታተመ ባነር ከጅማ መምጣት ጀመረ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ፎቶ ያለበት፣ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት። የሙሉብርሃን ጉልበት አረፈ። እሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለው። አሥራ ስምንት ዓመት የጠላውን ሥራ ሲነጥቁት ለምን ቅር እንዳለው ለፀዳለም አልነገራትም።

ተሰማ ግን አንድ ቀን አስጠራው። «ሙሌ፣ ስቶሩ በድሮ አቡጀዲ ሞልቶ አይጥ ተራብቶበታል። ውሰድልኝና ገላግለኝ።» ሙሉብርሃን ያን ለት እንደተደሰተው ደመወዝ ሲጨመርም አልተደሰተም። ለተማሪዎቹ ሸራ ከየት ያመጣል? እስከዚያ የሚሥሉት ካርቶን ላይ ነበር፤ ካርቶን ደግሞ በቦንጋ እርጥበት እንደ እንጉዳይ ያብጣል። አቡጀዲውን በባጃጅ እያመላለሰ ክፍሉ ከመረው። ተማሪዎቹ ጨርቁን በሚፈልጉት መጠን ቆረጡት፣ ያልተጻፈበትን ፊት ኮላና ጀሶ ቀቡት፣ ሥዕላቸውን እሱ ላይ ሣሉ። የተጻፈበት ፊት ጀርባ ሆነ። የመፈክሮቹ ዓረፍተ ነገር መሐል ለመሐል ተቆርጦ፣ አንዱ ቁራጭ እዚህ አንዱ እዚያ፣ ማንም ልብ አላለውም። ሥዕል የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ነው፤ የግድግዳ ሥዕልን ጀርባ ማን ያያል?

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ከወትሮው ይሻሉ ነበር። ከደካ የመጣው ዮሲ ነበረ፣ ምላሱ ከብሩሹ የሚፈጥን፣ የሚሥለው ሰው ሁሉ አፉን የከፈተ። ከማንኪራ የመጣችው ኑኃሚን ነበረች፣ ከዮሲ በተቃራኒ ቃል ከአፏ በመከራ የሚወጣ። አባቷ ንብ አናቢ ነው፤ ጫካ ገብቶ ረዥም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል። ልጅ ሆና ገመዱን ይዛ ከዛፉ ሥር ትቆም ነበር። የሣለችውም ያንኑ ነው፤ አባቷን ከታች ወደ ላይ፣ መጀመሪያ የሁለት እግሩ መዳፎች፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ በቅጠሉ መሐል ቀፎውን ያቀፈው ክንዱ። ሙሉብርሃን ሥዕሉን ያየ ቀን የሚያርመው ነገር ፈልጎ አጣ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባትሽ አይተውታል?» አላት።

«አላዩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ‘ሥዕል እማራለሁ ትላለች፣ ሥዕሉ የታለ?’ እያሉ ነው። ኤግዚቢሽኑ ለት ይምጡ ብያቸዋለሁ።» ከዚያ «ይኖራል አይደል ጋሼ?» አለች።

ሙሉብርሃን ከዚህ በፊት ለሦስት ባች ቃል ገብቶ ሦስቱም ሳይሰቅሉ ተበትነዋል። ለዚህኛው ባች ቃል አልገባም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። «ይኖራል» አላት።

ተሰማ አዳራሹን ያዘለት፤ ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን። «ዘንድሮ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። በቅዳሜው ጠዋት ልጆቹ ሥዕላቸውን ጠቅልለው፣ ከካፊያው በላስቲክ ሸፍነው፣ በሰልፍ አዳራሹ ግቢ ደረሱ። በሩ ላይ ላንድክሩዘሮች ቆመዋል። ውስጥ ድምፅ ማጉያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ይላል። ተሰማ ደረጃው ላይ ቆሞ እጁን ሲያፋትግ ሙሉብርሃን ገና ከሩቅ ገባው።

«ሙሌ፣ እንዳትቆጣ።»

«አልቆጣም።»

«ትናንት ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው የተደወለው። አስቸኳይ ነው፤ ከየወረዳው ሰው ገብቷል። እኔ ምን ላድርግ? እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ።»

ሙሉብርሃን የእውነቱን ነበር፤ አልተቆጣም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል። ወደ ልጆቹ ዞሮ «በሉ እንመለስ» ሊል አፉን ሲከፍት ኑኃሚን ቀደመችው።

«ጋሼ፣ አባቴ መንገድ ላይ ናቸው።»

ከማንኪራ በእግር ነው። ማርም ይዞ ይሆናል። ሙሉብርሃን የተከፈተ አፉን ዘጋ።

«ግቢውስ?» አለ ዮሲ። «ዛፍና ዛፍ መሐል ገመድ ወጥረን እንደ ልብስ ብናሰጣውስ?»

«ግቢው የናንተ ነው!» አለ ተሰማ፤ የሚሰጠው ነገር በማግኘቱ ፊቱ በራ። «ብቻ ድምፅ እንዳታሰሙ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሙሉብርሃን ፀዳለ ሱቅ ሮጦ ገመድና የልብስ መቆንጠጫ አመጣ። ከአዳራሹ ጎን ካሉት ዝግባዎች ገመዱን በሦስት ረድፍ ወጠሩት። ሥዕሎቹን በየትኛው ፊት ይስቀሏቸው? ሙሉብርሃን ራሱ ነው የወሰነው። ሰው የሚገባው ከአውራ ጎዳናው በር ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ ወደ ጎዳናው ይይ፣ ጀርባው ወደ አዳራሹ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ካፊያው አቆመ። ሥዕሎቹ በጠዋቱ ንፋስ ቀስ ብለው ይወዛወዙ ነበር። ሙሉብርሃን ራቅ ብሎ አያቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዳራሹ ይልቅ ግቢው ሳይሻል አይቀርም ብሎ አሰበ። ሰው ግን አልመጣም። ሁለት አስተማሪዎች መጥተው «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለው ሄዱ። አንድ የባጃጅ ሹፌር በር ላይ ቆሞ «ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ፤ ዮሲ ዋጋ ሲነግረው ሞተሩን አስነሣ። ልጆቹ እየተያዩ እግራቸውን ከጭቃ ይጠርጉ ጀመር። ሙሉብርሃን ሰዓት ላለማየት እጁን ኪሱ ከተተ።

ረፋዱ ላይ የአዳራሹ የጎን በር ተከፈተ፤ ሻይ ዕረፍት ነው። ጠዋት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሻዩንና ቦምቦሊኖውን ይዞ ወደ ግቢው ፈሰሰ። ኑኃሚን የሙሉብርሃንን ክንድ ያዘች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ሰው መጣ! ብዙ ሰው!»

መጣም። ግን የመጣው በጀርባ በኩል ነው። ልጆቹ ከፊት ቆመው፣ ከጨርቆቹ በታች የሚታያቸው የሰው ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ ነበር። ጫማው እየበዛ መጣ። ዞረው ይመጣሉ ብለው ጠበቁ። አልዞሩም። ከዚያ አንዲት ሴት ጮክ ብላ ስታነብ ሰሙ።

«‘ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እስከ’ … እስከ መቼ? የቀረው የታለ?»

«እዚህ ነው በዛወርቅ፣ ነይ!» አለ አንድ ወንድ ከሌላው ረድፍ። «‘ሚሌኒየሙ ድረስ ይዳረሳል!’»

ሚሌኒየሙ ካለፈ አራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም መፈለግ ጀመረ። ጠዋት ሙሉ አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ያየ ያውቀዋል። አንዱ የመፈክር ራስ ይፈልጋል፣ አንዱ ጭራ፤ ከገመድ ገመድ እየዞሩ የተቆረጠውን መፈክር ይቀጥላሉ። «ይቺንማ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት!» ትላለች በዛወርቅ። «ያኔ ወፍራም አልነበርኩም።» ንፋሱ ሁለት ጨርቆች ሲያጠጋጋ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በአንዱ «ብልሹ አሠራርን» ይላል። ከጎኑ ያለው «አጠናክረን እንቀጥላለን!» ይላል። ሻይ በአፍንጫው የወጣ ሰው ነበር።

«የሙሉብርሃን እጅ ነው!» አለ ያው ወንድ። «እንዲህ ያለ ፊደል ዛሬ ማን ይጽፋል? የጅማው ማሽን ነው? ጋሽ ሙሉ! የት አለህ? እጅህ ይባረክ!»

አጨበጨቡ። እውነተኛ ጭብጨባ ነበር፤ ጠዋት በስብሰባው እንዳጨበጨቡት አይደለም። ሙሉብርሃን በጨርቆቹ መሐል አልፎ ወደ ማዶ ወጣና ጎንበስ አለላቸው። ዞር ሲል የራሱን ፊደል፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱን፣ በቀይና በሰማያዊ፣ በሦስት ረድፍ ተሰቅሎ አየው። ሰው ሁሉ ፊቱ ቆሟል። ያማረ ነበር። ደስ አለው፤ ወዲያው ደስ ማለቱ አሳፈረው፤ ወዲያው ደግሞ የሚቀመጥበት ነገር ፈለገ። ከተመረቀ ወዲህ ያሳየው ኤግዚቢሽን ይኸው ነው ማለት ነው።

ወደ ልጆቹ ሲመለስ ሥዕሎቹ ፊት አንድ ሰው ቆሟል።

አጠር ያለ፣ የፕላስቲክ ቦቲ ያደረገ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በብብቱ የያዘ ሽማግሌ ነው። ኑኃሚን አጠገቡ ናት። የኑኃሚን አባት ማንበብ አይችልም፤ ከጀርባ በኩል የሚያስቀው ነገር እሱን አይመለከተውም። ሰው ለምን እንደሚስቅ አልጠየቀም፣ ዞሮም አላየም። ዛፉ ላይ ያለውን ራሱን ያያል። ሳቁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሰውየው አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ ብቻ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አሉ?» አለ ሙሉብርሃን።

ኑኃሚን ከንፈሯን ነከሰች። «‘እግሬ ከታች እንዲህ ነው እንዴ? ያን ሁሉ ጊዜ አንቺ ይሄን ነበር የምታይው?’ ነው የሚሉት።»

ሰውየው ማየቱን ቀጠለ። ሙሉብርሃን ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ትዝ አለው፤ ከዚህኛው ጋር አይመሳሰሉም፣ አቋቋማቸው ግን አንድ ነው።

ተሰማ ሲሮጥ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሙሌ!» አለ በሹክሹክታ፣ የሹክሹክታ ጩኸት። «ምን አደረግኸኝ? የበላይ ሰዎቹ መስኮት ላይ ናቸው እኮ! ‘ብልሹ አሠራርን አጠናክረን’? ልታስበላኝ ነው?»

«አንተ አይደለህ የሰጠኸኝ?»

«ሰጠሁህ! ጨርቅ ነዋ የሰጠሁህ! እኔ ከአይጥ ገላግለኝ አልኩህ እንጂ ከእንጀራዬ አልኩህ?»

«ጀርባውን ነጭ ቀለም እንቀባው» አለ ዮሲ።

«ያልፋል» አለ ሙሉብርሃን። «አቡጀዲ ነው፤ ወደ ፊት ያልፍና ሥዕሉን ይበላዋል።»

«እንግዲያው አውርዱት» አለ ተሰማ። «ሁሉንም። ወደ ስቶር ይመለስ፤ ጠፋ ቢባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ የመንግሥት ንብረት ነው።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ልጆች አሉኝ፣ ሙሌ።»

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ቢሆን ሙሉብርሃን ይከራከር ነበር። አሁን ተሰማን አየው፤ እሱም የደከመው ሰው ነው። ደወል ተደወለ፤ ሰው ሻዩን ጨልጦ፣ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ስብሰባው ተመለሰ። በሥዕሎቹ በኩል ያለፉት ጥቂቶች «ጎበዞች!» አሏቸው ሳይቆሙ። ልጆቹ መቆንጠጫውን እየነቀሉ ሥዕላቸውን አንድ በአንድ አወረዱ። ሙሉብርሃን አንድ ነገር ሊላቸው ፈልጎ፣ ሊላቸው የሚችለውን ሁሉ ከዚህ በፊት ለነበሩት ባቾች እንደጨረሰው ገባው።

ወደ ኑኃሚን ሥዕል ሲደርሱ አባቷ ከፊቱ አልተነሣም።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ወደ ስቶር ነው የሚገባው» አለ ተሰማ።

ሽማግሌው ተሰማን አየው፤ ሥዕሉን አየው። «ይሄ እኔ ነው» አለ በአማርኛ። «እኔን ስቶር ታስገባለህ?»

ተሰማ ወደ አዳራሹ መስኮት ተመለከተ፤ ወደ መሬት ተመለከተ። ጀርባውን ገልጦ አነበበው፤ «አጠናክረን እንቀጥላለን!» ነው። ብቻውን ሲሆን ማንንም አይነካም።

«ይሂድ» አለ። «እሱ ይሂድ።» ሌላውን ተሸክመው ወደ ስቶሩ ሄዱ።

ዝናቡ ተመለሰ። ሽማግሌው በኮባ የተጠቀለለውን ማር ሙሉብርሃን እጅ ላይ አኖረና ሥዕሉን እንዳይረጥብ ወደ ውስጥ አድርጎ ትከሻው ላይ ደረበው። ኑኃሚን አንገቱ ሥር በመቆንጠጫ አያያዘችለት። ከዚያ ቁልቁል የማንኪራን መንገድ ያዘ። የሙሉብርሃን ቀይ ፊደል ጀርባው ላይ ሆኖ ከሩቅ ይነበብ ነበር፤ ሙሉብርሃንም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈውን አነበበው።

«የሚመጣው ዓመት» አለ ተሰማ ከኋላው፣ ቁልፉን እያንቃጨለ። «ሞቼ እገኛለሁ፣ አዳራሹ ያንተ ነው።»

«እሺ» አለ ሙሉብርሃን።

ፀዳለ ሱቅ ሲደርስ ከራስ ፀጉሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ገመዱን፣ መቆንጠጫውንና ማሩን ባንኮው ላይ አስቀመጠ። ፀዳለ ፎጣ ሰጠችውና ጠየቀችው።

«ሰው መጣ?»

«ግቢው ሞልቶ ነበር።»

«ተመስገን!» አለች፤ ብዙ ጊዜ ጠብቃ ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። መቆንጠጫዎቹን ወደ ካርቶናቸው ስትመልስ ቦታው ሙሉ አልሆነላትም። «አንዱ ጎድሏል። የት ጣልከው?»

«ሥዕሉን ያየው ሰውዬ ጋ ነው።»

«ያየው ሰውዬ?» እጇን አቆመች። «ሌላው ሰውስ?»

ሙሉብርሃን ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

«ሌላውማ አነበበ» አላት።